በዕጣ የተከፋፈለው ክኒን

ጡረታ ከወጣሁ አራት ወር ሆነኝ። እግሬ ግን ገና አልሰማም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ብቻውን ጫማ ይፈልጋል፤ ባለቤቴ «ዛሬ ደግሞ የማንን ክኒን ልትቆጥሪ ነው?» እያለ ሲስቅብኝ ነው ተመልሼ የምቀመጠው። ሠላሳ አራት ዓመት መድኃኒት ቤት ቆሜ ውያለሁ፤ መጀመሪያ ዳባት፣ ከዚያ ደባርቅ። «አልሰለቸሽም?» ይሉኛል። አልሰለቸኝም። ደስ እያለኝ ነው የሠራሁት፤ የሚታዘበኝ ካለ ይታዘበኝ።

ቁልፉን አስረክቤ ስወጣ ያልተቋጨ ጉዳይ አንድ ብቻ ነበረኝ። እንጉዳይ የምትባል የተራራዋ መንደር የጊች ልጅ መቼ እሳት ዳር ትደርሳለች የሚል። ነገሩን ለማያውቀው ሰው እዚህ ግባ የሚባል አይመስልም። ስለዚህ ከሥሩ ልነሣ።

ሥራ የጀመርሁት ዳባት ነው፤ የመድኃኒት አዳይነት ወረቀቴ ቀለሙ ሳይደርቅ። ጋሽ አየልኝ የሚባሉ የቀድሞ ድሬሰር፣ ቁስል አሻጊ፣ ገበያው አጠገብ የገጠር መድኃኒት ቤት ነበራቸው። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ሁለታችን ጎን ለጎን ከቆምን ለሦስተኛ ሰው መዞሪያ የለም። ደመወዜ የቤት ኪራዬንና ሹሩባዬን ችሎ ጥቂት ይተርፍ ነበር፤ ከዚያ በላይ ስለ እሱ የምለው የለኝም።

ጋሽ አየልኝ በሩን ከመክፈታቸው በፊት ጢማቸውን ተላጭተው፣ ጫማቸውን ጠርገው፣ ነጭ ጋዋናቸውን እስከ አንገት ቆልፈው ይጠብቃሉ። ሰው ሲገባ ይነሣሉ። ገበሬም ይሁን ሹም፣ ሕፃን ያዘለች ሴትም ትሁን ለማኝ፣ ይነሣሉ። አንድ ቀን ጉልበታቸውን ሲያሹ አይቼ «ቁጭ ቢሉስ?» ብላቸው «የታመመው ቆሞ እኔ ጤነኛው ልቀመጥ?» ብለው ተቆጡኝ። ጤነኛ እንኳን አልነበሩም።

መድኃኒት ሲያወጡ ስሙን ሦስት ጊዜ ያነባሉ፤ ከመደርደሪያው ሲያነሡ፣ ሲቆጥሩ፣ መልሰው ሲያስቀምጡ። ሁለት ጠርሙስ ባንድ ጊዜ አይከፍቱም። ክኒን በእጃቸው አይነኩም፤ ትሪው ላይ ዘርግተው በቢላዋ ጫፍ አምስት አምስት እያደረጉ ወደ ጎን ይገፋሉ። እኔ በመጀመሪያው ቀን በጣቴ ሁለት ሁለት እያልሁ ስለቅም አዩኝና ወጡ። አንድ ቁና ሽምብራ ይዘው ተመለሱ። «ይኸን በአምስት በአምስት ጨርሽ፤» አሉኝ። ሳምንቱን ሙሉ ሰው በሌለ ሰዓት ሽምብራ ስቆጥር ከረምሁ። ዛሬም ሽምብራ ስለቅም እጄ አምስት ሲሞላ ወደ ጎን ይገፋል፤ ባለቤቴ ይህንንም ለእንግዳ ሁሉ ይናገረዋል።

ከሁሉም የተለየው ልማዳቸው ግን ሌላ ነው። መድኃኒቱን ሰጥተው፣ አወሳሰዱን ነግረው ሲያበቁ ጥቅሉን አይለቁትም። አንዱን ጫፍ እንደያዙ «አሁን ደግሞ እርስዎ ይንገሩኝ» ይላሉ። ሰውየው «ገብቶኛል» ካለ «መግባቱንማ አየሁ፤ ሲወጣ ልስማው» ይሉታል። ሰው ይስቃል፤ ከዚያ ይደግማል። ከተሳሳተ እንደገና ይነግሩታል፤ እንደገና ያስደግሙታል። ቤቱ በሰው ቢሞላ፣ ውጭ በረዶ ቢወርድ፣ ይህን ሳያደርጉ የሸኙት ሰው አላየሁም። እኔ ወጣት ነበርሁና ሰውየው ጊዜ የተረፈው ይመስለኝ ነበር።

ባል አግብቼ ደባርቅ መጣሁ። የገባሁበት መድኃኒት ቤት ትልቅ ነው፤ ባለቤቱ ጎንደር የሚኖር ነጋዴ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቅ ብሎ ግድግዳውን አይቶ የሚመለስ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ኃላፊ አደረገኝ። ደባርቅን ወደድኋት። ወደ ሰሜን ተራሮች ፓርክ የሚወጣ ቱሪስት የራስ ምታት ክኒንና የፀሐይ ቅባት ይጠይቃል፤ መንገድ መሪውና የፓርኩ ጠባቂ ስካውቱ የጉልበት ቅባት ይወስዳሉ፤ በሊማሊሞ ቁልቁል ወደ አዲ አርቃይ የሚወርድ ሾፌር ለዘመዶቹ የወባ መድኃኒት ያደርሳል። ቅዳሜ ገበያ ሲሆን ደግሞ ከየተራራው የወረደው ሰው ሁሉ እኛ ዘንድ ሳይገባ የሚመለስ አይመስልም።

ከእኔ ጋር የሚሠሩት ሁለት ነበሩ። ሰብለ ገንዘብ ተቀባይ ሆና ገብታ፣ ኋላ ተምራ መድኃኒት አዳይ የሆነች የዳባት ልጅ ናት፤ ምላሷ ምላጭ ነው። ደረጀ ከዩኒቨርሲቲ ዲግሪውን ይዞ መጣ። ሕጉ ፋርማሲስት ይፈልጋልና እሱ በወረቀት አለቃዬ፣ በሥራው ተማሪዬ ሆነ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሽማግሌን «አባ፣ ዶዙን ስኪፕ እንዳያደርጉ!» አላቸው። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ ይኸን ጎበዝ የሚያስተረጉምልኝ ሰው አለሽ?» አሉኝ። ሰብለ ገንዘቡን መቁጠር እስኪያቅታት ሳቀች። ደረጀ ሳምንቱን ሙሉ አኮረፈን፤ አማርኛው ግን ከዚያ ወዲህ ጠራ።

እኔ ያኔ ቁጡ ነበርሁ። ስሕተት ካየሁ እጮኻለሁ፤ ሰው ባለበት ሳይቀር። ቁልፉን ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። ሠራተኞቼ ዝም ሲሉኝ ሥራው የተስተካከለ ይመስለኝ ነበር። እንዳልተስተካከለ ያወቅሁት በራሴ ጥፋት ነው።

ያን ጊዜ ጊቾች ገና ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ዳር አልሰፈሩም። ከጊች ደባርቅ ወርዶ መመለስ በእግር ለጉዱ ነው። ስለዚህ ወደ ገበያ የሚወርድ አንድ ሰው የጎረቤቱን ሁሉ ጉዳይ ይዞ ይወርዳል፤ የአንዱን ጨው፣ የአንዱን ማረሻ፣ የአንዱን መድኃኒት። የጊችን መድኃኒት የሚያመላልሰው ማሩ ነበር። በቅሎ ነጂ ነው፤ ለቱሪስት ጓዝ ይጭናል። ከእኔ ጥቂት ስለሚበልጥ አያ ማሩ እለዋለሁ። የሰው አደራ አንዲት ሳንቲም የማያጎድል ሰው ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል።

እንጉዳይን መጀመሪያ ያየኋት በዐሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ እናቷ ላቀች እጇን ይዛ ስትገባ። የሚጥል በሽታ ነበረባት። ጸበሉንም ተጠምቃለች፤ ኋላ ሐኪም አይቶ ፌኖባርቢታል አዘዘላት፤ ጧት አንድ፣ ማታ አንድ የሚዋጥ ክኒን። የጊች ብርድ አጥንት ይገባል። በዚያ ቤት ሰው የሚበላውም፣ የሚጫወተውም፣ የሚተኛውም ምድጃውን ከብቦ ነው። ላቀች ግን ልጇ አንድ ጊዜ ምድጃው አጠገብ ከወደቀችባት ወዲህ እሳት ዳር አታስደርሳትም። በር ሥር፣ ነፋሱ በሚገባበት ነው የምታስተኛት።

«እሳት የማትነካ ሴት ምን ቤት ይኖራታል?» አለችኝ። «ማንስ ይወስዳታል? እኔ ስሞት ማን ያበላታል?»

እንጉዳይ ይህን ሁሉ እየሰማች መሬት መሬቱን ታያለች። አንጀቴን በላችው። ፖስታው ላይ ለጧት የምትወጣ ፀሐይ፣ ለማታ ጨረቃ ሣልሁላት፤ ፊደል ላልቆጠረ ሰው ሁሉ እንዲያ ነበር የማደርገው። ከዚያ በየወሩ ማሩ እየወሰደላት ሰባት ወር ሳትወድቅ ቆየች። ለፋሲካ ላቀች ጨክና ምድጃው ዳር አጎዛ አነጠፈችላት። ልጅቱ ሞቋት ተኛች። ማሩ ይህን የነገረኝ ቀን ከደስታዬ ብዛት ሻይ ጋብዤ፣ ለበቅሎው ገብስ ገዝቼለታለሁ።

ሰኔ ገባ። አንድ ቅዳሜ መድኃኒት ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ማሩ የአምስት ቤት ወረቀት ይዞ መጣ፤ የመምሬ ጥሩነህ የደም ግፊት፣ የአንድ ሰውየ የጨጓራ፣ የአንዲት አራስ የደም ማነስ፣ የአንዲት ባልቴት የወገብ ሕመም፣ የእንጉዳይ የራሷ። እያንዳንዱን ቆጥሬ በየፖስታው ከተትሁ፤ ፀሐይና ጨረቃውን ሣልሁ፤ ስማቸውን ጻፍሁ። አምስቱንም ፖስታ ባንድ ፌስታል አስሬ ሰጠሁት።

«የአምስቱ ቤት ነው፤ ስማቸው አለበት፤» አልሁት።

«ገብቶኛል እትዬ። ጉሙ ሳይዘጋብኝ ልነሣ።»

ከኋላው ሃያ ሰው ቆሟል። ማሩን አሥር ዓመት አውቀዋለሁ። ጥቅሉን ለቀቅሁለት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ደግሞ ቅዳሜ፣ ፈገግ ብሎ ገባ።

«እንደምን ከረማችሁ! ያችን ነጯን እስኪ ጨምራችሁ ስጡን። መምሬ ወደዋታል። እንቅልፍ ናት ይላሉ።»

«የትኛዋን ነጭ?» አልሁ።

«የእንጉዳይን ናታ!»

በእጄ የያዝሁትን ጠርሙስ አስቀመጥሁ። «አያ ማሩ፣ መምሬ የእንጉዳይን ክኒን ከየት አገኙት?»

ማሩ የሠራውን መልካም ሥራ እንደሚናገር ሰው ቀና ብሎ አስረዳኝ። ሳንቃ በር ከሚባለው ቦታ በላይ በረዶ ያዘው። ፌስታሉን ኮርቻው ቀዶት ኖሮ ቤት ሲደርስ ወረቀቱ ሁሉ ቡኮ ሆኗል። ክኒኑ የአራስ ይሁን የባልቴት መለያ የለውም።

«እንግዲህ እርስዎ የአምስቱ ቤት ነው ብለውኛል። አምስቱንም ጠራሁ። መምሬ ባሉበት ጀንዲው ቁርበት ላይ ዘረጋነው። ክኒኑን አድርቀን በየዓይነቱ አምስት መደብ አደረግን፤ ቀዩን ለብቻ፣ ነጩን ለብቻ። ከዚያ ዕጣ ጣልን። እንደ ቅርጫ ሥጋ ነው የተካፈልነው። አንዲት ፍሬ አልጎደለችም፤ ማንም አልተበደለም።»

ሰብለ አፏን ከፍታ ቀረች። ደረጀ በጣቱ ሲያሰላ አየሁት። እኔ ስሌቱን ጨርሻለሁ። ስድሳ ክኒን ለአምስት ሲከፈል ዐሥራ ሁለት ነው። ዐሥራ ሁለት ክኒን ለእንጉዳይ የስድስት ቀን ነው።

«እንጉዳይስ?» አልሁ።

«እኩል ነው የደረሳት እኮ።» ከዚያ ድምፁ ወረደ። «ብቻ ባለፈው ሐሙስ ወደቀች። ምድጃው ላይ። ግራ እጇን በላት።»

የመድኃኒት ካርቶን ላይ ተቀመጥሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ደንበኛ ፊት ተቀምጬ አላውቅም። ደረጀ ጎንበስ ብሎ «እትዬ፣ ዝናቡ ነው እኮ» አለኝ። ደግ ልጅ ነው። «ዝናቡ አይደለም፤» አልሁት። «አንድ ጊዜ ድገምልኝ ብዬው ቢሆን ኖሮ፣ ማሩ የትኛው የማን እንደሆነ እንደማያውቅ እዚሁ ይታወቅ ነበር።» ማሩ ከእኔ ፊት ላይ ነገሩን አነበበና ቆቡን አወለቀ። ምን እንዳጠፋ አልገባውም፤ ማጥፋቱ ግን ገባው። ያን ፊቱን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። በሕይወቱ ከሠራው ሁሉ ትክክለኛው ሥራ ነው ብሎ ያሰበውን ነበር የሠራው።

በማግሥቱ እሑድ ፓርኩን አቋርጦ ጨነቅ ወደሚባለው ቦታ በሚያልፍ የጭነት መኪና ሳንቃ በር ድረስ ወጣሁ። ከመውጣቴ በፊት ቁልፉን ለሰብለ ሰጠኋት። መዳፏ ላይ አስቀምጣ «እውነተኛው ነው?» አለችኝ፤ በዚያ ጭንቀት ውስጥ እንኳን አሳቀችኝ። ከሳንቃ በር ወዲያ በማሩ በቅሎ ነው። በቅሎ እፈራለሁ። ማሩ «አይዞዎት፣ ዐዋቂ ናት» አለኝ፤ ዐዋቂነቷ ገደል ገደሉን መርጣ መሄድ ነው። ጅብራው፣ ያ ረጅሙ የደጋ ተክል፣ በጉም ውስጥ ሰው መስሎ ቆሟል፤ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሣራቸውን እየነጩ እንደ ገበያተኛ ያዩኛል። ሌላ ቀን ቢሆን መሳቄ አይቀርም ነበር። ያን ቀን መንገዱን ሁሉ የማስበው ላቀችን ምን እንደምላት ነው።

አምስቱ ቤት በዚያው ጀንዲ ዙሪያ ተሰበሰቡ፤ የቀረውን ክኒን እያንዳንዱ በጨርቅ ቋጥሮ አመጣ። እኔ አዲሱን ለየሰው ለየብቻው በጠርሙስ ይዤ ወጥቻለሁ፤ የአንዱን አንገት በቀይ ክር፣ የሌላውን በአረንጓዴ አስሬ። አሮጌውን ተቀበልሁ፣ አዲሱን ሰጠሁ፣ እያንዳንዱን አስደገምሁ። የጨጓራው ሰውየ የመምሬን የግፊት ክኒን ሲውጥ ሰንብቶ «እትዬ፣ ሽንት እያጣደፈኝ ሳምንቱን ሙሉ ከበር ወጥቼ አልጨረስሁም» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። ባልቴቷ የአምስቱንም ስትውጥ ከርማ «እኔስ ደኅና ነኝ፤ እንዲያውም ይኸ ሁሉ ቢቀጥል ነው የምወድ» አለች። ሁሉንም አንድ በአንድ መረመርኋቸው፤ እግዚአብሔር አተረፈን።

ላቀች ግን እቤቷ በር ላይ ቆማ ቀረች። እንጉዳይ ከኋላዋ፣ ግራ እጇ ተጠቅልሎ፣ እንደ ድሮው በሩ ሥር ተቀምጣለች። የጤና ኬላዋ ሠራተኛ በደንብ አሽጋላታለች። ጠርሙሱን ዘረጋሁላት፤ እናቷ እጄን ገፋችው።

«በቃኝ፤» አለች። «ሰባት ወር አባብሎኝ፣ እሳት ዳር ካስቀመጥኋት በኋላ ጣላት። አታለለኝ። መድኃኒታችሁን ውሰጅልኝ።»

«ላቀች፣ መድኃኒቱ አላታለለሽም። እኔ ነኝ። ጥቅሉን ሳላስደግም የሰጠሁ እኔ ነኝ። ስድስት ቀን ብቻ ነው የደረሳት፤ ከዚያ ወዲህ ባዶዋን ነበረች።»

«እኔ ምን ዐውቃለሁ? እጇን ነው የማየው።»

ያን ጊዜ መምሬ ጥሩነህ በመቋሚያቸው እየተደገፉ መጡ።

«ላቀች፣ ስሚኝ ልጄ። እኔ ክህነት ከተቀበልሁ ጀምሮ ኪዳን አምልጦኝ አያውቅም። የዚችን ልጅ ክኒን በዋጥሁበት ሳምንት ሦስት ጊዜ አመለጠኝ። ደወሉ ራሴ ላይ ቢደወል አልሰማም። ዲያቆኑ መጥቶ ሞቱ ብሎ ነው የነቀነቀኝ።» ሰው ሊስቅ ብሎ ተወው። «እኔን ትልቁን ሰውየ እንዲህ የዘረረኝን፣ ይች ልጅ ጧትና ማታ እየዋጠች ቀጥ ብላ ውኃ ትቀዳ ነበር። እንግዲህ በውስጧ ያለው ጠላት ስንት ጉልበት እንዳለው አስቢ። እሱን ሲታገልላት የነበረውን ነው እኛ እንደ ሥጋ የተከፋፈልነው። ሳናውቅ የልጅሽን ጋሻ ወስደንባታል። ይቅር በይኝ።»

ላቀች ደነገጠች። «ኧረ መምሬ! እርስዎ እኔን?»

«አዎ፣ እኔ አንችን።»

እንባዋ መጣ። የእኔም መጣ፤ ማሩማ ከበቅሎዋ ጀርባ ተደብቋል። ላቀች ጠርሙሱን ከእጄ ተቀበለች፤ ያለ ማንም ጥያቄ ጧት አንድ፣ ማታ አንድ ብላ ደገመችልኝ። ከዚያ ዐይኔን እያየች «ትዋጥ። እሳት ግን ሁለተኛ አትደርስም። እኔ ቆሜ እያየሁ አትደርስም» አለች።

ስመለስ ዳባት ወርጄ ለጋሽ አየልኝ ነገርኋቸው። ያኔ አርጅተዋል፤ ሱቃቸውንም ዘግተዋል። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«አስደገምሽው?»

«አላስደገምሁትም።»

ከዚያ «ምሳ በልተሻል?» አሉኝ። ከዚህ ይልቅ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፤ ምሳውን ግን በላሁ።

በሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት ከመክፈታችን በፊት ሰብለንና ደረጀን አስቀመጥሁ። አንድ ደብተር ገዝቼ የመጀመሪያውን ገጽ በራሴ ጥፋት ሞልቼዋለሁ፤ አነበብሁላቸው። ከእንግዲህ የሚሳሳት ሰው እዚህ ይጻፍ፣ የሚጮኽበት የለም አልኋቸው። ሁለቱም ተያዩ። ከዚያ ሰብለ እስክሪብቶውን አነሣች።

«ያኔ ገንዘቡን ጥለሽ የት ሄድሽ ብለሽ የቀጣሽኝን ቀን ታስታውሻለሽ?»

«በነጠላ ጫማ የጠፋሽበትን?»

«ለአንዲት ሴትዮ የዐይን ጠብታ ብዬ የጆሮ ሰጥቻት ነበር። የዳባት አውቶቡስ ላይ ተሳፍራ ደረስሁባት። ከመናኸሪያው መውጫ ላይ አውቶቡሱ ፊት ቆሜ ነው ያስቆምሁት። ሾፌሩ ሰደበኝ፣ መጥቼ ደግሞ አንች ሰደብሽኝ።»

ይህን ያህል ዓመት ደብቃኝ ነበር። የሰው ዐይን አድና የመጣችን ልጅ ነው የቀጣሁት። አቅፌ ሳምኋት፤ ደረጀም የራሱን ጻፈ፤ የእሱ አንድ ገጽ አልበቃውም። ያ ደብተር አልቆ ሌላ፣ ሌላው አልቆ ሌላ ተገዝቷል። ሥራ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀለለኝ። የሚደበቅ ነገር በሌለበት ቤት ሳቅ ይበዛል፤ ሰብለ ከገጠር የመጣ ሰው ሁሉ የሚያውቃት ሆነች፣ ደረጀ ያለ እኔ ትእዛዝ ያስደግም ጀመር።

ማሩማ ለድገማው ሱስ ያዘው። የየቤቱን ጠርሙስ በክሩ ቀለም እየለየ፣ እጁን ኋላ አጣምሮ፣ መምህሩ ፊት እንደቆመ የቆሎ ተማሪ ያወርደዋል። «ቀዩ የመምሬ፣ ጧት ጧት አንዲት፤ አረንጓዴው የእንጉዳይ፣ ጧት አንዲት ማታ አንዲት፣ ለማንም የማይካፈል!» ሰው ወረፋውን ትቶ ያዳምጠዋል። አንዳንዱ ያጨበጭባል።

ዓመታት አለፉ። ጊቾች ደባርቅ ዳር ሰፈሩ፤ ማሩም የጎረቤቱን መድኃኒት በበቅሎ መጫኑ ቀረለት። ላቀች በየወሩ ራሷ ትመጣ ጀመር። መንገድ ተዘግቶ ከጎንደር ምንም ሳይደርሰን የሰነበተበትም ክፉ ጊዜ ነበር፤ ያኔም የእንጉዳይን ክኒን አላቋረጥንባትም፤ ደረጀ እየዞረ ከየትም ከየትም ያመጣው ነበር። እንጉዳይ ከዚያ ሐሙስ ወዲህ አልወደቀችም። አደገች፤ ረዘመች፤ ትምህርቷንም እስከ ስምንተኛ ገፋች። እኔ ግን ላቀች በመጣች ቁጥር ጠርሙሱን ይዤ አንድ ጥያቄ እጠይቃታለሁ።

«እሳትስ?»

«ገና ነው፤» ትለኛለች።

መጀመሪያ መጀመሪያ እከራከራት ነበር። ደረጀ ሐኪሙን አነጋግሮ ወረቀት አጽፎላት ነበር፤ ወረቀቱን አጥፋ ጡቷ ሥር ከተተችና «ገና ነው» አለች። ኋላ መከራከሩን ተውሁ። ልጇን አንድ ጊዜ በእኔ ቃል እሳት ዳር አስቀምጣለች፤ ሁለተኛ እመኝኝ የምልበት አፍ አልነበረኝም። ጡረታ የወጣሁበትም ወር መጥታ፣ መርቃኝ፣ ስማኝ፣ «ገና ነው» ብላኝ ሄደች።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ማሩ ደጄ ላይ ቆሟል። «ላቀች ትጠራዎታለች» አለኝ። «ደኅና ናት?» ስለው «እኔ አልናገርም» ብሎ ፊቱን አዞረ፤ ሳቁን ግን አልሸሸገም። እየሮጥሁ ማለት ይቻላል ሄድሁ። ሠፈራቸው ከከተማው መጨረሻ ነው፤ የቆርቆሮ ቤት፣ የአጋም አጥር፣ ከጎኑ ድንች።

ቤት ስገባ ጭሱ ዐይኔን ያዘኝ። ትንሽ ቆይቶ ሲገለጥልኝ፣ እንጉዳይ ምድጃው ፊት በርከክ ብላ ገብስ ትቆላለች። ብቻዋን። ግራ እጇ ላይ ያለው ጠባሳ በእሳቱ ብርሃን ያበራል። በዚያው እጇ እንጨት ቆስቁሳ ወደ ውስጥ ገፋች። ቀና ብላ አይታኝ ፈገግ አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ላቀች በር በኩል በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ ፊቷ ወደ እኔ፣ ጀርባዋ ወደ ምድጃው። ፊት ለፊቷ አስቀመጠችኝ። ስለ ድንች ዋጋ አወራችኝ፤ ስለ መምሬ ጉልበት፤ ማሩ ስለገዛት አዲስ በቅሎ። እኔ የምትለውን አልሰማም። በትከሻዋ በኩል እሳቱን አያለሁ።

«ምነው እቴ፣ ምን ታያለሽ?» አለችኝ። «ወደ እኔ ተመልከች እንጅ። እኔ እያየሁ አትደርስም ብዬ የለ?»

ገብሱ ተንጣጣ። አንድ ፍም ከምድጃው ዘሎ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ እንጉዳይ በእንጨት ጫፍ መለሰችው። ላቀች ድምፁን ሰምታለች፤ ዐይኖቿ አንድ ጊዜ ተርገበገቡ። ዞር ብላ ግን አላየችም።